ከጓደኝነት ክበብ፦ የዓመቱ ዘገባ

በዚህ መጽሔት የክበባት ገጽ ላይ የሚወጡ ዘገባዎች አብዛኛውን ጊዜ በዋንጫ፣ በምስክር ወረቀት ወይም በመድረክ ላይ በተነሣ ፎቶግራፍ የታጀቡ ናቸው። የጓደኝነት ክበብ እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ የለውም። አባሎቻችን መድረክ ላይ መውጣት ቀርቶ በክፍል ውስጥ እጃቸውን ማውጣት የሚከብዳቸው፣ በዕረፍት ሰዓት ከሕንፃው ጥግ ቆመው ሌሎች ሲጫወቱ የሚመለከቱ ወይም ደወል እስኪደወል ድረስ ቤተ መጻሕፍት ገብተው የማያነቡትን ገጽ የሚገልጡ ተማሪዎች ናቸው። ስለዚህ የዓመቱ ማብቂያ ሲደርስ «የሚታይ ውጤት አቅርቡ» ስንባል በጠረጴዛ ላይ የምንደረድረው ነገር የለንም። ቢሆንም ክበቡ በቆየባቸው ሁለት ዓመታት ውስጥ የዘንድሮውን ያህል ያስደሰተኝ ጊዜ አልነበረም፤ ምክንያቱንም ሥራችንን በቅርብ ላላዩ መምህራንና ወላጆች በዝርዝር ማስረዳት እፈልጋለሁ።

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ደጋግሞ የሚቀርብልኝ አንድ አስተያየት አለ፤ «ዝም ያለ ልጅ ማንን ጎዳ? ይልቅስ የሚረብሹትን የሚያርም ክበብ ቢቋቋም ይሻል ነበር» የሚል ነው። አስተያየቱ ከክፋት የመጣ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ተማሪ በበዛበት ክፍል ውስጥ ዝም የሚል ልጅ ለመምህሩ ፋታ ይሰጣል፤ እኔም ለብዙ ዓመታት እንደዚያው አስብ ነበር። ዝምታ ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ ልጅ ብቻውን መሆን ይወድዳል፣ ጥቂት ሰው ይበቃዋል፣ ወደ ቤቱ ሲመለስም የቀረበት ነገር ያለ አይመስለውም፤ እርሱን ለመለወጥ ማንም ሊነካው አይገባም። ዓይናፋር ልጅ ግን መቅረብ ይፈልጋል። የሚናገረውን ዐረፍተ ነገር በልቡ ሦስት ጊዜ ያዘጋጃል፤ ሊናገረው አፉን ሲከፍት ጨዋታው ወደ ሌላ ወሬ ያልፍበታል፤ ማታም ሳይናገር የቀረውን ሲያሰላስል ያመሻል። እንዲህ ያሉት ልጆች ጥቂት ናቸው ብለን ካሰብን ተሳስተናል። የሥነ ልቦና ምሁሩ ፊሊፕ ዚምባርዶ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ባካሄደው የዳሰሳ ጥናት ከተጠየቁት ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ በጊዜው ዓይናፋር መሆናቸውን ተናግረዋል፤ በሕይወታቸው በአንዱ ወቅት ዓይናፋር ነበርን ያሉት ደግሞ ከ80 በመቶ በላይ ናቸው። አንድ የክፍል ኃላፊ መምህር ስም ዝርዝሩን ይዞ ቢቀመጥ ከእነዚህ ልጆች መካከል በቅርብ የሚያውቃቸው ስንት እንደሆኑ ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው።

ዓመቱን የጀመርነው በስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የእኔ ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ አሥራ አራት ተማሪዎች ነበሩ። እኔም ድፍረት እንዲለምዱ በማሰብ እያንዳንዳቸው ከሰሌዳው ፊት ቆመው ስማቸውን፣ ክፍላቸውንና የሚወድዱትን ነገር እንዲናገሩ አደረግሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሦስቱ ቀሩ። ከሦስቱ አንዱን ኮሪደር ላይ አግኝቼ ስጠይቀው ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሣ የቤት ሥራ እንደበዛበት ነገረኝ፤ እኔም የበዛበት የቤት ሥራ እንዳልነበረ እያወቅሁ «እሺ» ብዬ አለፍሁ። ከዚያም የስብሰባውን ቀን ለማስታወስ የአባላቱን ስም በሚኒ ሚዲያ አስነበብሁ። በዚያው ቀን አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ስሟን ከመዝገቡ እንድሰርዝላት ለመነችኝ፤ ጓደኛ የሌላት መሆኗ በድምፅ ማጉያ ለትምህርት ቤቱ ሁሉ እንደተነገረ ቆጥራው ነበር። ሰረዝሁላት፤ ዓመቱ እስኪያልቅም አልተመለሰችም። ከዚህ በኋላ የማንንም ስም ጮክ ብለን አልጠራንም። በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ «መጻሕፍት የሚጠግኑ ተማሪዎች ይፈለጋሉ» የሚል ወረቀት ለጠፍን፤ ስለ ዓይናፋርነትም ሆነ ስለ ጓደኝነት አንድ ቃል አልጻፍንበትም። በሁለት ወር ውስጥ ሃያ ደረስን።

መጻሕፍት መጠገን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ተቀምጠው «ተነጋገሩ» ቢባሉ ጭንቅ ይሆንባቸዋል፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ገጹን ሲይዝ ሌላው ማጣበቂያውን ሲቀባ ግን ዓይናቸው የሚያርፍበት፣ እጃቸው የሚሠራው፣ ዝም ቢሉም ዝምታቸው የማያሳፍርበት ነገር አላቸው። ወሬ ቢመጣ ይመጣል፤ ባይመጣም መጽሐፉ ተጠግኗል። ቼዝም እንዲሁ ነው። የቀሩትን ሳምንታዊ ስብሰባዎች መዘርዘር አያስፈልግም፤ በየሳምንቱ ለ45 ደቂቃ ተገናኝተናል፣ ጠግነናል፣ ተጫውተናል፣ የግድግዳ ካርታ ሠርተናል፣ አንድ ሰሞን ድራማ ሞክረን ለአባሎቻችን እንደማይስማማ ስላየን ትተነዋል።

ከስብሰባዎቹ አንዱን ግን ማለፍ አልችልም። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሊያልቅ ሲል ሃያውም ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው፣ ቀድመው ከማያውቁት ልጅ ጋር፣ ለአምስት ደቂቃ እንዲነጋገሩ አደረግን። ሲጨርሱ እያንዳንዳቸው ስም በማይጻፍበት ወረቀት ላይ ከ1 እስከ 10 ሁለት ቁጥር ጻፉ፤ የመጀመሪያው «የተነጋገርሁትን ልጅ ምን ያህል ወደድሁት?» ለሚለው፣ ሁለተኛው ደግሞ «እርሱስ እኔን ምን ያህል የወደደኝ ይመስለኛል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነበር። ወረቀቶቹን ሰብስቤ ቁጥሮቹን በሰሌዳው ላይ በሁለት ዐምድ ጻፍኋቸው። ከሃያው በአሥራ ሰባቱ ላይ የመጀመሪያው ቁጥር ከሁለተኛው ይበልጥ ነበር። ክፍሉ ጸጥ አለ። ቆየት ብሎ አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ፣ እስከዚያ ቀን ሳይጠየቅ ተናግሮ የማያውቅ፣ «ታዲያ ሁላችንም ነን የተሳሳትነው?» አለ። ኤሪካ ቡዝቢና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት የሚለው ይህንኑ ነው፤ ሰዎች ከማያውቁት ሰው ጋር ተነጋግረው ሲለያዩ ያ ሰው የወደዳቸውን ያህል የተወደዱ አይመስላቸውም፤ ዓይናፋር በሆኑት ላይ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። ጥናቱን ለልጆቹ ማንበብ አላስፈለገኝም፤ ማስረጃው በገዛ እጃቸው ተጽፎ ከፊታቸው ነበር። ሰሌዳውን እንዳላጠፋው ጠየቁኝ፤ እስከ ማግስቱ ጠዋት ድረስ ሳላጠፋው ቆየ።

አሁን ደግሞ ስላደረግነው የደን ጉዞ ልናገር። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አሥራ ስምንት ተማሪዎችና ሁለት መምህራን ሆነን የሳይንስ ክበብ ባለፈው ዓመት ወደሄደበት ደን ሄድን። የቀኑ ሥራ የደኑን የእግር መንገድ ካርታ መሥራት ነበር። ከየጥንዱ አንዷ ኮምፓስ ይዛ አቅጣጫ ትመዘግባለች፤ ሌላዋ እርምጃ እየቆጠረች ርቀት ትመዘግባለች፤ ወረቀታቸውን መለዋወጥ ስለማይፈቀድ ካርታው የሚሠራው በቃል ሲነጋገሩ ብቻ ነው። ይህን ዓይነት ሥራ እኔ አልፈጠርሁትም። የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ምሁሩ ኤሊየት አሮንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በኦስቲን ከተማ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተማሪዎች እርስ በርስ በተራራቁበት ጊዜ ትምህርቱን ቆራርሶ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ቁራጭ በመስጠት፣ ቡድኑ የዚያን ልጅ ቁራጭ ካልሰማ ትምህርቱ እንዳይሟላ አድርጎ ነበር። እንዲህ ሲሆን ዝምተኛው ልጅ እንዲናገር የሚለምነው አያስፈልግም፤ የያዘው ነገር ስለሚፈለግ ይጠየቃል።

ከጥንዶቹ በአንዱ የነበሩት አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪና በዓመቱ አጋማሽ ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራ የመጣች የ8ኛ ክፍል ተማሪ ናቸው። የ7ኛ ክፍሏ በክበቡ ውስጥ በአምስት ወር ጊዜ ከእኔ ጋር የተነጋገረችው «አዎ» እና «እሺ» በሚሉ ሁለት ቃላት ነበር። ሌላዋ ዓይናፋር አልነበረችም፤ እንዲያውም ብዙ ትናገራለች፤ ነገር ግን የምትናገርለት ሰው በአዲሱ ትምህርት ቤቷ ገና አላገኘችም ነበር። መቁጠሩ የተሰጠው ለእርሷ፣ ኮምፓሱ ደግሞ ለትንሿ ነው። ከወንዙ ስንደርስ የ8ኛ ክፍሏ እንባ እየተናነቃት ወደ እኔ መጣችና «ቲቸር፣ ቁጥሩ ጠፋብኝ፤ ከመጀመሪያው እንድንጀምር ይፍቀዱልን» አለችኝ። ለመመለስ ጊዜ አልነበረንም፤ መልስ ከመስጠቴ በፊት ግን ከኋላዋ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ።

«አራት መቶ አሥራ ሁለት ነው።»

ሁለታችንም ዘወር አልን። ትንሿ ልጅ እጇን ዘርግታ አራት ጠጠሮች አሳየችን። አንድ መቶ እርምጃ በሞላ ቁጥር አንድ ጠጠር ከግራ ኪሷ ወደ ቀኝ ኪሷ ታዛውራለች፤ ኮምፓሱን እያነበበች እርምጃውንም ስትቆጥር ነበር የመጣችው። የ8ኛ ክፍሏ «እንዲህ መቁጠር የት ተማርሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ቶሎ አልመለሰችም። እኔም እንደ ልማዴ በእርሷ ፈንታ ልናገር ቃጥቶኝ ነበር፤ ራሴን ገትቼ ዝም አልሁ። ከቆይታ በኋላ «ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አርባ እርምጃ ነው። ብቻዬን ስለምመጣ እቆጥራለሁ» አለች።

በዚያች ሰዓት እኔ ብሆን ኖሮ የማጽናኛ ቃል ፍለጋ እገባ ነበር። ሌላዋ ልጅ ግን አላዘነችላትም፤ «ስትመለሺስ ያው ነው?» ብላ ጠየቀቻት። «አይደለም፤ ስመለስ ይበዛል።» «ለምን?» «ዳገት ስለሆነ ይመስለኛል፤ እርምጃዬ ያጥራል።» የ8ኛ ክፍሏ አላመነችም፤ ደክሟት ስለምትመለስ ይሆናል እንጂ ዳገት እርምጃ አያሳጥርም ብላ ተከራከረች። ትንሿም መለሰችላት። ከወንዙ እስከ ኮረብታው ጫፍ ድረስ ሲከራከሩ ከኋላቸው ተከትያቸዋለሁ፤ ኮረብታው ላይም አንድ ጊዜ ሽቅብ አንድ ጊዜ ቁልቁል አብረው እየቆጠሩ ነገሩን ሞከሩት። ሽቅቡ በዛ። ትንሿ ልጅ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ካርታቸው ከሌሎቹ ሁሉ ዘግይቶ ተጠናቀቀ፤ በአውቶቡሱም ውስጥ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለ ምን እንደሚያወሩ ሳላውቅ ትምህርት ቤት ደረስን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መጽሐፍ ስትጠግን አግኝቻት መንገዱ አሁንም 2,340 እርምጃ መሆኑን ጠየቅኋት። «አላውቅም ቲቸር» አለችኝ፤ «መታጠፊያው ጋ ትጠብቀኛለች፤ ከዚያ በኋላ ይጠፋብኛል።»

ይህን ለአንድ ባልደረባዬ ስነግረው ሁለት ልጆች መተዋወቃቸው የዓመት ሥራ ውጤት ሊባል ይችላል ወይ ብሎኛል። ይባላል። ዓይናፋር ልጅ በትምህርት ቤቱ ሁሉ ዘንድ እንዲታወቅ አንፈልግም፤ የሚያስፈልገው አንድ እውነተኛ ጓደኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ኧርነስት ሆጅስና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት በእኩዮቻቸው በደል የሚደርስባቸው ልጆች የስሜትና የባሕርይ ችግር ከዓመት ዓመት የተባባሰው የልብ ጓደኛ በሌላቸው ላይ ሲሆን፣ እነርሱም እንደ ጓደኛ የሚቆጥራቸው አንድ የልብ ጓደኛ ባላቸው ላይ ግን እንደዚያ አልሆነም። በእኔ መዝገብ ከሃያው አባላት መካከል በዓመቱ መጨረሻ ቢያንስ ከአንድ አባል ጋር ከክበቡ ሰዓት ውጭ የሚገናኙት አሥራ ሦስት ናቸው። ሰባቱ ገና ናቸው፤ ከእነዚህም ሁለቱ ከአጠገባቸው ሰው ሲቀመጥ ዛሬም ይነሣሉ። አንድ ልጅ ደግሞ በትምህርት ቤት ውስጥ ጨርሶ የማይናገርና ጠዋት ጠዋት ሆዱን የሚያመው በመሆኑ ጉዳዩ ከክበብ አቅም በላይ ሆኖ ስላገኘሁት ከወላጆቹ ጋር ተነጋግረን ወደ ባለሙያ ተልኳል፤ እንዲህ ያለውን ልጅ «ይለምደዋል» እያሉ ማቆየት ተገቢ አይደለም።

ሰባቱ ለምን ቀሩ ለሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ ጊዜ ነው። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረገው ጥናት ከትውውቅ አልፎ ቀለል ያለ ጓደኝነት ላይ ለመድረስ 50 ሰዓት ያህል፣ ጓደኛ ለመባል 90 ሰዓት ያህል፣ የቅርብ ጓደኛ ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍ እንደሚጠይቅ ገምቷል። ጥናቱ የተደረገው በአዋቂዎችና በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ ወደ 7ኛ ክፍል ማምጣት አይቻልም፤ ነገር ግን መጠኑን ያሳየናል። እኛ ዘንድሮ በፈተናና በክፍል እጦት ከተሰረዙት ስብሰባዎች የተረፉን 23 ናቸው፤ ይህም በድምሩ 17 ሰዓት ከሩብ ነው። ያ የደን ጉዞ ብቻውን ዘጠኝ ሰዓት ፈጅቷል፤ የ12 ሳምንት ስብሰባ ማለት ነው። ሁለቱ ልጆች በወንዙ ዳር የተገናኙት በአጋጣሚ አይደለም፤ በትምህርት ቤቱ የጊዜ ሰሌዳ ውስጥ ያልተሰጣቸውን ጊዜ በዚያ ቀን ስላገኙ ነው።

ስለ ክፍል እጦት ከተነሣ ዘንድሮ አምስት ጊዜ ቦታ ቀይረናል፤ ከቤተ መጻሕፍት ወደ ቤተ ሙከራ፣ ከቤተ ሙከራ ወደ ዕቃ ክፍል፣ ከዕቃ ክፍል ወደ ኮሪደር፣ ከኮሪደር ወደ ዛፍ ሥር፣ በመጨረሻም ተመልሰን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የኋላ ጥግ ገብተናል። ለሌላ ክበብ ቦታ መቀየር ወንበር ማንሣት ብቻ ነው። ለእኛ አባላት ግን አዲስ በር ማንኳኳት፣ የማያውቁትን ሰው «የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ ቦታ በቀየርን ቁጥር ሁለት ወይም ሦስት ልጅ ሳይመጣ ይቀር ነበር። ዓመቱን ሙሉ ከትምህርት ቤቱ የደረሰን ቁሳቁስ ሁለት ጠርሙስ ማጣበቂያና አንድ ጥቅል ፕላስተር ነው፤ የአውቶቡሱ ክፍያ የተሸፈነው መምህራን ከኪሳቸው ባዋጡት ገንዘብ ነው። የስፖርትና የሙዚቃ ክበባት የሚያገኙት በጀት ይገባቸዋል፤ ከእነርሱ እንዲቀነስ አልጠይቅም። ነገር ግን በጀት የሚደለደለው ኮሚቴው ፊት ቀርቦ በሚናገር ሰው ብዛት ከሆነ የእኔ አባላት መቼም ቢሆን ድርሻ አይደርሳቸውም።

መምህራን ያለ ምንም ወጪ ሊያግዙን የሚችሉበት መንገድ አለ። የትምህርት ተመራማሪዋ ሜሪ በድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው ለመልስ የሚታገሡት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አግኝታ ነበር፤ ትዕግሥቱ ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም መልሶቹ ረዘሙ፣ መልሰው የማያውቁ ተማሪዎችም መመለስ ጀመሩ። በወንዙ ዳር ያየሁት ይኸው ስለነበር ከዚያ ወዲህ በክፍሌ ውስጥ ጠይቄ በልቤ እቆጥራለሁ። ወላጆችንም አንድ ነገር እለምናለሁ፤ ልጃችሁ በሰው ፊት ስትጠየቅ «እሷ ዓይናፋር ናት» ብላችሁ አትመልሱላት። የምትለውን እያዘጋጀች ሊሆን ይችላል።

ለሚመጣው ዓመት ለርዕሰ መምህሩና ለወላጅ መምህር ኅብረት ያቀረብነው ጥያቄ ሦስት ነገሮችን የያዘ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የማይቀየር አንድ ክፍል፣ ለሌላ ሥራ የማይነጠቅ አንድ ሳምንታዊ ክፍለ ጊዜ፣ በየመንፈቀ ዓመቱም የአንድ ቀን ጉዞ። ከአባላቱ አራቱ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ 7ኛ ክፍል የሚገቡትን አዲስ ተማሪዎች በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ለመቀበል በራሳቸው ፈቃድ ተመድበዋል፤ ከአራቱ አንዷ ጠጠር ቆጣሪዋ ናት። ወረቀቱ እንደ ዘንድሮው በዚያው በር ላይ ይለጠፋል፤ የሚለውም «መጻሕፍት የሚጠግኑ ተማሪዎች ይፈለጋሉ» ነው። ልጃቸው ይጠቀማል ብለው የሚያስቡ ወላጆች ወረቀቱ የት እንዳለ ይንገሩት፤ ስሙን ግን ራሱ እንዲጽፍ ይተዉለት።